ሰላሳ አንድ ላይ የቆመው ሰዓት

ሐመልማል ጠዋት ቢሮ ስትገባ መጀመሪያ የምታደርገው ሁለት እጇን ለበሩ ማሳየት ነው። መዳፏን ትዘረጋለች፣ ትገለብጣለች፣ ጣቶቿን ታለያያለች። በሩ አይቶ ሲያበቃ ይከፈታል። ሃያ ዓመት ስትገባ ስትወጣ አንድም ቀን "እንደምን አደርሽ" ብሏት አያውቅም፤ እሷ ግን ልማድ ሆኖባት "እግዚአብሔር ይመስገን" ብላ ትገባለች።

ቢሮው የዕቃ ማስረጃ ቢሮ ይባላል። አገሩ በቃል፣ በፎቶግራፍና በወረቀት ማመን ከተወ ቆይቷል። ድምፅ ይፈበረካል፣ መልክ ይፈበረካል፣ ባለማኅተም ደብዳቤማ ሻይ እስኪቀዘቅዝ ይፈበረካል። ሰው የእናቱን ድምፅ የሰማ መስሎት ቤቱን ለማያውቀው ማስረከብ ሲያበዛ፣ መንግሥት ከእንግዲህ የማምነው ዕቃን ብቻ ነው አለ፤ ያረጀ፣ የተፋቀ፣ ብዙ እጅ የነካካው ዕቃ። ስለዚህ ሰው ርስቱን በማረሻ፣ ጋብቻውን በቀለበት፣ ዘሩን በአያቱ ምርኩዝ ያስመሰክራል። አያቱ ሳይመረኮዝ የሞተበት ሰው አበሳውን ያያል።

የሐመልማል ክፍል የእጅ ሰዓት ነው። እሱም ሁሉም አይደለም፤ በድሮው አቆጣጠር ከ1955 እስከ 1970 ባሉት ዓመታት አገር ውስጥ ገብተው የታሰሩትን ብቻ ነው የምትመረምረው። የዚያን ዘመን ሰዓቶች የሚፈልጋቸው ብዙ ነው፤ በዘመኑ መጨረሻ ብዙ ሰው ሰዓቱን እንዳሰረ ከቤት ወጥቶ ቀርቷልና። ከተማው በተቆፈረ ቁጥር አንዳንዶቹ ይወጣሉ። ሐመልማል ሰዓቱን ታያለች፣ ያየችውን ጮክ ብላ ትናገራለች፣ ከዚያ መዛኙ ብይን ይሰጣል። መዛኙ ጥግ ላይ ያለ ግራጫ ነገር ነው፤ ይመዝናል፣ ያበራል፣ ይናገራል። ሰው ለምን ያስፈልጋል ብሎ የጠየቀ እንደሆነ፣ ሕጉ ዕቃውን መዛኙ ላይ የሚያስቀምጥ ሕጋዊ እጅ ይኑር ስለሚል ነው።

የሞተ ልጅ አንገቱ ረጅም ነው እንደሚባለው፣ ለቢሮው የሚመዘገብ የጠፋ ሰዓት ሁሉ ወርቅ ነው። ዘመድ ሁሉ የአባቱን ሰዓት ሲናገር ያ ምስኪን የክፍለ ሀገር ጸሐፊ የንጉሥ ሰዓት ያሰረ ያስመስለዋል። እማማ ምትኬ ግን የዛሬ ስምንት ዓመት መጥተው ያስመዘገቡት ሌላ ነበር። "የብረት ነው፤ ፊቱ ጥቁር፤ አውቶማቲክ። መሙያዋ ጉጥ አልቃበት በሌላ ሰዓት መሙያ ተቀይራለች፤ እሷ ብቻ ቢጫ ናት። ያስጠላ ነበር ትል ነበር እናቴ።" ሐመልማል የዚያኑ ቀን አመነቻቸው። ሰው የአባቱን ሰዓት አስጠሊታ ነው ብሎ አይዋሽም።

እማማ ምትኬ አባታቸውን አያውቁትም። አብራራው ይባላል፤ የጂኦግራፊ መምህር ነበር፤ በሽብሩ ዓመት፣ ሚስቱ ነፍሰ ጡር ሳለች፣ በኅዳር ከቤት ወሰዱት። ልጅቱ ስትወለድ ምትኬ አሏት። አሁን ዘጠና ዓመታቸው ነው፤ መድኃኒቱ ደግፎ አቁሟቸዋል፤ ባልም ልጅም ቀብረዋል። የቀራቸው አንድ ሥራ አባታቸውን መቅበር ነው። ይህን ሲናገሩ ገበያ እንደሚወጣ ሰው ረጋ ብለው ነው የሚናገሩት።

ከከተማው በስተደቡብ የምድር ውስጥ መንገድ ሲቆፈር አንድ ጉድጓድ ወጣ። አፅሙ በኖራ ተቃጥሏል፤ የዘር ምርመራ ከቃጠሎው ምንም አላገኘም። አንድ ክንድ ላይ ግን፣ ከክርን ዝቅ ብሎ፣ ሰዓት ተገኘ። ባለቤቱ ወደ ላይ ገፍቶ በእጅጌው ሸፍኖት ኖሯል፤ ያሰሩት ሰዎች አላዩትም። ጥቁር ፊት፤ ቢጫ መሙያ። ሐመልማል መልእክቱ ሲደርሳት ቆማ ነበር፤ ተቀመጠች።

እማማ ምትኬ በቀጠሮው ጠዋት መጡ። ነጭ ነጠላቸውን ለሐዘን አዘቅዝቀው ነው የለበሱት፤ ብይኑን ቀድመውት ነበር።

"ስንት ሰዓት ሆነ ልጄ?"

ሐመልማል ለመመለስ ጥቂት ቸገራት። ስንት ሰዓት ነው የሚል ሰው ከጠፋ ቆይቷል። መንግሥት ያስገባው ሹክታ የሚባል ድምፅ በየሰዉ ጆሮ ሆኖ የሚወራውን ይሰማል፤ አሁን ተነሳ፣ አሁን ብላ፣ አሁን ተራህ ነው ይላል እንጂ ሰዓቱን አይናገርም። አገሩም ወደ ዓለም አቆጣጠር ከገባ ወዲህ ቀኑ የሚጀምረው በእኩለ ሌሊት ነው፤ ጎህ ሲቀድ አሥራ ሁለት ሰዓት የሚሉት፣ ጳጉሜንም የሚያስታውሱት፣ ቤተ ክርስቲያንና እንደ እማማ ምትኬ ያሉ ሽማግሌዎች ናቸው። ሐመልማል በልቧ አሰላችና "ሦስት ሰዓት ሊሆን ነው እማማ" አለች። እሳቸውም ረክተው ተቀመጡ።

ሰዓቱን በጨርቅ ላይ አኖረችው። መስተዋቱ ተጭሮ ነበር እንጂ አልተሰበረም። ድምፅዋን ከፍ አድርጋ ተናገረች። "አውቶማቲክ፤ ብረት፤ የስዊስ ሥራ። ጀርባው በጥምዝ የሚዘጋ፣ ውኃ የማያስገባ። የሚያበራው ቀለም ቡናማ ሆኗል፤ ዓይነቱ ከሃምሳ ሰባት ወዲህ የመጣው ነው። ቀኑን ብቻውን የሚያዘልል መሙያ የለውም፤ ቀን ለመቀየር ቆጣሪዎቹን ማዞር ይጠይቃል። ስለዚህ ከስድሳ ሁለት አይዘልም። መሙያው የራሱ አይደለም።" ከዚያ መዛኙ ላይ አስቀመጠችው።

"ዘመኑ ይገጥማል" አለ መዛኙ። "ቀለሙ ይገጥማል። የመንቀሳቀሻው ዓይነት ይገጥማል። የተቀየረው መሙያ ይገጥማል።"

እማማ ምትኬ ዓይናቸውን ጨፈኑ።

"የቀን መስኮቱ ሰላሳ አንድ ላይ ቆሟል። በዘመኑ የአገሪቱ አቆጣጠር ወር ሰላሳ ቀን ነበረው። ሰላሳ አንድ የሚባል ቀን አልነበረም። ሰዓቱ የተሞላው በውጭ አቆጣጠር ነው። ባለቤቱ የውጭ ዜጋ ነው። አፅሙ ያለበት ሳጥን ዛሬ ከሰዓት በኋላ ወደ ወደብ ይጫናል።"

ወደቡ ላይ ረጅም የሲሚንቶ ግድግዳ አለ። የውጭ ዜጋ የተባለ አፅም ሁሉ አገሩ እስኪጠይቀው እዚያ ይሸጎጣል። እስካሁን የጠየቀ አገር የለም።

እማማ ምትኬ ዓይናቸውን ከፈቱ። "ፈረንጅ ነው ማለቱ ነው?"

"አዎ እማማ።"

"የደብረ ኤልያስ ልጅ? ቅባት ነው ጸጋ ነው እያለ ከቄስ ጋር ሲከራከር የሚያመሽ ሰው?" ትንሽ ሳቁ፤ ሳቁ ግን መንገድ ላይ ቀረ። "ልጄ፣ ሌላው ሁሉ ገጥሞ በቀን ብቻ?"

ሐመልማልን የሚያናድዳት መዛኙ የተናገረው እውነት መሆኑ ነበር። የዚያን ዘመን የሐበሻ ሰዓት በመቶዎች አይታለች፤ ሰላሳ አንድ ላይ የቆመ ያየችው የአየር መንገድ ሠራተኛና የኤምባሲ ሰው ሰዓት ላይ ብቻ ነው። አብራራው የማታውቀው ሰው ነበር፤ ግን ስምንት ዓመት ጠብቃዋለች።

እማማ ምትኬ ለመሄድ አልተነሱም። ወደ ሰዓቱ ጎንበስ ብለው አዩት። በሕይወታቸው የመጀመሪያ ጊዜ ነው።

"ይቺ መሙያ ናት ያለቀችበት" አሉ። "እናቴ ስትነግረኝ፣ በየወሩ መባቻ ጠዋት፣ ፊቱን ሳይታጠብ፣ አልጋው ጫፍ ላይ ቁጭ ብሎ ያዞራል። ሰዓቱ ጎህ ሲቀድ ሰላሳ አንድ ይልበታል፤ እሱ ወደ አንድ ይመልሰዋል። 'ሰላሳ አንድ በእኔ እጅ ላይ አይውልም' ይላል። የዘመን መለወጫ ዕለትማ ከጳጉሜን አምስት ወደ መስከረም አንድ ለማድረስ አውራ ጣቱ እስኪቀላ ሲያዞር እንግዳ ደጅ ይቆማል። እንዲህ ሲያደርግ ነው መሙያዋን የፈጃት።" ራሳቸውን ነቀነቁ። "እንግዲህ ይህን የሚያህል ሰው ነው ሰላሳ አንድ ላይ ያቆመው የሚሉኝ።"

ሐመልማል ቀና አለች።

"እማማ፣ ጎህ ሲቀድ ሰላሳ አንድ ይልበታል አሉ?"

"ይላላ። ሰዓቱ ምን ያውቃል፤ የፈረንጅ ሥራ።"

"ሰዓቱ ከባለቤቱ ጋር አልቆመም እኮ" አለች ሐመልማል፤ ድምፅዋ ዝቅ ብሎ። "አባትዎ አይደሉም ሰላሳ አንድ ላይ ያቆሙት። ይሄ ሰዓት የሚሞላው በእጅ መወዛወዝ ነው። እጅ ሲቆም አብሮ አይቆምም፤ የተጠራቀመችለት ኃይል እስክታልቅ ብቻውን ይሄዳል። እጃቸው ታስሮ ስለነበር ብዙ አልነበረችውም። ግን አንድ ጎህ አልፏል። በሐበሻ ሰዓት የተሞላ ሰዓት ቀን የሚቀይረው ጎህ ሲቀድ ነው።"

የገባቸው ነገር በእማማ ምትኬ ፊት ላይ ታየ።

"ሌሊት ነው" አሉ። "በሰላሳ ሌሊት። ሲነጋ ሰዓቱ ሰላሳ አንድ አለ፤ የሚመልሰው ሰው የለም።"

ሐመልማል ወደ መዛኙ ዞራ በተፈቀደላት አጠያየቅ ጠየቀች፤ ሰዓቱ ከባለቤቱ ሞት በኋላ ሄዶ ሊሆን ይችላል ወይ?

"ባለቤት የሚባለው በሕይወት ያለ ሰዓት አሳሪ ነው" አለ መዛኙ። "ከሞት በኋላ ያለ ቀን ባለቤት የለውም። ጥያቄው ከምድብ ውጭ ነው።"

"የባለቤቱን አቆጣጠር በሌላ ማረጋገጥ ይቻላል?"

"ብይኑ ተሰጥቷል።"

ሐመልማል ወንበሯን ወደ አሮጊቷ አስጠጋች። ሹክታው በጆሮዋ ተራው የሚቀጥለው ሰው ነው አለ፤ እንዳልሰማች ሆነች።

"እማማ፣ የማረጋግጥበት መንገድ አለኝ። ከፊቱ ሥር ቁጥሮቹ የታተሙበት ቀለበት አለ። እያንዳንዱ ቁጥር በወር አንድ ቀን በመስኮቱ ፀሐይ ያየዋል፤ በዓመታት ቢጫ ይሆናል። አባትዎ እርስዎ እንደነገሩኝ ከሆኑ ሰላሳ አንድን ፀሐይ አላየውም፤ በየወሩ መባቻ ጠዋት ይመልሱታልና። እሱ ብቻ ነጭ ነው የሚሆነው። በመስኮቱ በኩል ሲያዩት በጭረትና በጥላ አይለይም፤ ሌሎቹ አጠገቡ ሲሆኑ ነው የሚታወቀው።"

"ታዲያ ክፈቺዋ።"

"ከከፈትኩት ማስረጃነቱ ይሞታል። በእጅ የተከፈተ ዕቃ የተፈበረከ ነው ይላል ሕጉ። ያየነውን ማንም አይቀበለንም። አብራራው ነው ብሎ ማስመስከር ከዚያ ወዲያ የለም፤ ለዘላለም። ሳጥኑም የውጭ ዜጋ መሆኑ ይቀራል፤ ግን የእርስዎም አይሆንም። ስም የለሽ ይባላል።"

"ስም የለሹን ምን ያደርጉታል?"

"ለጠየቀ እድር ይሰጡታል፤ ቀብሮ እንዲገላግላቸው። ስም ከተጠራበት ግን ሐሰተኛ ስም ነው ብለው አውጥተው ይወስዱታል።"

እማማ ምትኬ የነጠላቸውን ጥለት በጣታቸው እየዳሰሱ አሰቡ። ዘጠና ዓመት የፈለጉት ከስሙ ጋር ነበር። የዛሬ ስምንት ዓመት ለመቃብሩ ድንጋይ ጠራቢ አነጋግረው ነበር፤ ጽሑፉንም መርጠዋል።

"ቀለበቱ ሁሉ ቢጫ ሆኖ ቢገኝስ?" አሉ።

"ያን ጊዜ እውነትም ፈረንጅ ነው። እርስዎ ማስረጃዎን በከንቱ አጡ፤ እኔም እንጀራዬን።"

"አንቺም ትባረሪያለሽ?"

"እኔን ይተዉኝ።"

"እንዴት እተውሻለሁ ልጄ? ልጆች የሉሽም?"

"አንድ አለችኝ። ደርሳለች።"

አሮጊቷ ለረጅም ጊዜ አዩዋት። ኋላ ላይ ሐመልማል ስትናገር፣ ያን ጊዜ አይሆንም ቢሉኝ ደስ ይለኝ ነበር ብላለች፤ ፈርታ ነበር። እሳቸው ግን እጃቸውን ጉልበቷ ላይ አኖሩ።

"መንግሥት ባያውቀው እኔ ልወቀው" አሉ። "ፈረንጅ ከሆነም የሰው ልጅ ነው፤ ግድግዳ ውስጥ አይደር። ክፈቺው።"

መክፈቻው መሳቢያዋ ውስጥ ነበር። ብይን አልፎባቸው ለሙዚየም የሚሄዱ ሰዓቶች የሚጸዱት በሱ ነው፤ ብይን ያላለፈበትን የሚከፍት ሰው ይኖራል ብሎ ያሰበ ስለሌለ የቆለፈበት የለም። ሰዓቱን ከመዛኙ ላይ አነሳችው። መዛኙ ቢጫ መብራት አበራ። ጀርባው ዘጠና ዓመት ሳይነካ ቆይቶ ነበርና እንቢ አለ፤ ሁለተኛ ሞከረች፤ ሦስተኛው ላይ ቀስ ብሎ ዞረ። ውስጡ ደረቅ ነበር። በሙሉ ጤንነት ያለ ሰዓት ነበር ማለት ይቻላል፤ ዘይቱ ደርቆ ነው እንጂ ለመሄድ የሚከለክለው ነገር አልነበረም። መንቀሳቀሻውን አውጥታ ቆጣሪዎቹን ነቀለች፣ ጥቁሩን ፊት አነሳች፣ ቀለበቱን ቁጥሮቹን ወደ ላይ አድርጋ በጨርቁ ላይ አስቀመጠችው።

አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት እያሉ ዙሪያውን የተቀመጡት ቁጥሮች የሻይ ነጠብጣብ መልክ ነበራቸው። ሰላሳም እንደዚያው። ከሰላሳና ከአንድ መካከል ያለው ግን ዛሬ የታተመ ይመስል ነጭ ነበር።

እማማ ምትኬ መነጽራቸውን አወለቁ፤ ጠረጉት፤ መልሰው አደረጉት። በጣታቸው ሊነኩት ፈልገው እጃቸውን መለሱ።

"ሰላሳ ማርቆስ ነው" አሉ በመጨረሻ። "ሰላሳ አንድ ታቦት የለውም። እኔ የተወሰደበትን ቀን ነው ሳስብለት የኖርኩት፤ የሞተበትን አላውቅማ። ለካ ማርቆስ ነው።" ከዚያ አለቀሱ፤ ሐመልማልም አለቀሰች። ወሩን አያውቁትም፤ ግን ማርቆስ በየወሩ ይመጣል።

"ዕቃው በእጅ ተከፍቷል" አለ መዛኙ። "ማስረጃነቱ ተሰርዟል። ሳጥኑ ወደ ስም የለሽ ተዛውሯል። የመርማሪዋ ፈቃድ ተነሥቷል። ተራው የሚቀጥለው ነው።"

ለአንድ እድር ሳጥን ማስረከብ የሚፈጀው ጊዜ ትንሽ ነው። መንግሥት ነገሩን ሁሉ ወደ ሹክታ ሲያስገባ እድርን ረስቶታል፤ ወይም ሞክሮ አቅቶት ይሆናል። እስካሁን ድንኳን የሚተክለው፣ ቃሬዛ የሚሸከመው፣ ንፍሮ የሚቀቅለው ሰው ነው። የእማማ ምትኬ እድር ዳኛ ጋሽ ዘርጋው ጉዳዩን ሲሰሙ ሌላ ነገር አልጠየቁም፤ ስንት ሰው ተሸካሚ እንደሚበቃ ብቻ ጠየቁ። ለአንድ ሳጥን አፅም ሁለት ሰው ይበቃ ነበር። አሥራ ሁለት መጣ።

መቃብሩ ላይ ከመድረሳቸው በፊት ጋሽ ዘርጋው እማማ ምትኬን ለብቻቸው አነጋገሩ።

"እትዬ ምትኬ፣ ሁላችንም ጆሮ ላይ ሹክታው አለ። አብራራው የሚል ቃል ከሰማ ሳጥኑን ከጉድጓዱ ያወጡታል። ለቅሶዎንም እንደ ባዳ ያድርጉት። ይቅርታ ያድርጉልኝ፤ ከባድ ነገር እያልኩ ነው።"

"ገብቶኛል ጋሽ ዘርጋው። ዝም አይነቅዝም።"

ከሴቶቹ ጋር ኋላ ቆሙ። የባዳ ቦታ ነው። ሐመልማል ከጎናቸው ነበረች። በዕድሜ ከተነጻጸረ ሟቹ ለእማማ ምትኬ የልጅ ልጅ ይሆናቸው ነበር፤ ሲሞት ሃያ ስድስት ዓመቱ ነው። ሳጥኑ ትንሽ ነበር፤ ወደ ጉድጓዱ ሲወርድ ምንም አላስቸገረም።

ቄሱ ፍትሐቱን ጀመሩና ቆሙ። ወጣት ቄስ ናቸው፤ ነገሩን የነገራቸው አልነበረም። ዙሪያውን ተመለከቱ።

"የክርስትና ስሙ ማን ነው?" አሉ።

ጋሽ ዘርጋው መሬት መሬት አዩ።

"ያለ ስም እንዴት እፈታዋለሁ? እግዚአብሔር በምን ይቀበለው?"

እማማ ምትኬ ከሴቶቹ መሀል ወጡ። ሐመልማል ክንዳቸውን ልትይዝ እጇን ዘረጋች፤ አልያዘቻቸውም። አሮጊቷ እስከ ጉድጓዱ አፍ ድረስ በራሳቸው እግር ሄዱ።

"ወልደ ሰንበት" አሉ።

ሰዉ ሁሉ ሹክታው ይናገራል ብሎ ጠበቀ። ሹክታው አልተናገረም። ያን ስም መንግሥት የትም አላገኘውም ነበር፤ በየትኛውም ዘመን ያለ መንግሥት አላገኘውም። አንድ ቄስ ሕፃኑን ከውኃ ሲያወጡ የሰጡት፣ እናት ለሚስት፣ ሚስት ለልጅ በጆሮ ያቀበሉት ስም ነው፤ የያዙትም ሰዎች ያንን ስም ጠይቀውት አያውቁም።

"ለገብርከ ወልደ ሰንበት" አሉ ቄሱ፤ ጮክ ብለው። ሰዉም ጮክ ብሎ ተቀበለ። ስሙ ሦስት ጊዜ፣ አራት ጊዜ በአደባባይ ተጠራ፤ ማንም መጥቶ ያስቆመው የለም።

አፈሩ መግባት ሲጀምር እማማ ምትኬ ገና እዚያው ቆመው ነበር። ስለሱ ለሌላ ሰው ሲያወሩ ዘመናቸውን ሁሉ አባቴ ብለዋል። ጠርተውት ግን አያውቁም፤ የሚጠሩት ሰው ፊታቸው ቆሞ አያውቅማ። ነጠላቸውን ሰብስበው ወደ ጉድጓዱ ጎንበስ አሉ።

"አባዬ" አሉት።